ያልነከሰው ብየዳ

ነጋሳ በያጁ ብረት ሳያንኳኳ ኤሌክትሮድ የሚሉትን የብየዳ ዘንግ አያነሣም። ከናዝሬት ባቡር ጣቢያ ወረድ ብላ ካለችው የቆርቆሮ ጋራዡ ደጃፍ አንዴ የቆመ ሰው ሁሉ ይህን ልማዱን ያውቅለታል። ጣቱን አጥፎ በመገጣጠሚያው ሁለቴ ኳ ኳ ያደርግና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። የውፍረት መለኪያ የለውም፤ ቢኖረውም አያምነውም ነበር። «ቀጭን ላሜራ ይለፈልፋል፤ ወፍራም ብረት ግን ጨዋ ነው፣ መልሱ አጭር ናት» ይላል።

ከዚያ ትምህርቱን ይቀጥላል፤ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም። «ቀጭኑን በሁለት ተኩል ሚሊ ኤሌክትሮድ፣ ማሽኑን ዝቅ አድርገህ ነው የምትነካው። በአራት ከነካኸው ይበሳና ወንፊት ይሆንብሃል። ወፍራሙን ደግሞ በአራት፣ ማሽኑን ከፍ አድርገህ። በቀጭን ኤሌክትሮድ ከሞከርከው ላዩ ላይ ተጋድሞ ይቀራል እንጂ አይነክስም። ሲያዩት ያምራል። ልብ አርግ፣ ሲያዩት ነው የሚያምረው።»

በዚህ ነገር የሚቀልድበት ታናሽ ወንድሙ ሁንዴ ብቻ ነበር። «ደግሞ ማንን ነው የምታስጠራው? ቤቶች የሉም ቢልህስ?» ይለዋል። ነጋሳ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ሥራ ፈት፣ አንተ ማሽላህን ቁጠር» ይለዋል። ሁንዴ በመልካሳ የእርሻ ምርምር ጣቢያ የማሽላ ዘር መዝጋቢ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ናዝሬት እየመጣ ከእናቱና ከወንድሙ ጋር ነበር የሚያድረው።

በ1970 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜ ሳይመጣ ቀረ። ከአውቶቡስ አውርደው ቀበሌ አስገቡት አሉ። ምን አድርጎ? እንጃ። ያን ጊዜ «ምን አድርጎ» ብሎ የጠየቀ ሰው የጠየቀለትን ሰው ተከትሎ ይገባ ነበርና እኛም አፋችንን ይዘን ነው የኖርነው።

እናቱ እማማ ቡዜ ግን መጠየቅም አላሻቸው። በየማለዳው ዳቦ ይጋግራሉ፣ ከአሮጌ ነጠላ በቀደዱት ጨርቅ ይቋጥራሉ፣ ወደ ቀበሌው በር ይሄዳሉ። በሩ ላይ ጠብመንጃ የያዘ ነገሪ የሚሉት ወጣት የአብዮት ጥበቃ አለ። እሱ ስንቁን ይቀበላቸዋል፤ አቀርቅሮ፣ ቃል ሳይተነፍስ። እማማ ቡዜ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ፊታቸው ይፈካል። ስንቁን ተቀበሉ ማለት ልጁ አለ ማለት ነው፤ «ከእንግዲህ አታምጪ» የተባለች እናት ደግሞ ልጇ ሞቷል። በከተማው ውስጥ የእናቶች ሁሉ ሒሳብ ይኸው ነበር፤ ሌላ ወሬ የሚያመጣላቸው ማን አለ? ነጋሳም በዚያ ሒሳብ ነበር አንጀቱን የሚያስረው።

ጥር ላይ፣ ማክሰኞ ቀን ረፋዱ ላይ፣ አንድ የፈረስ ጋሪ ከጋራዡ ደጃፍ ቆመ። የወረዱት የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ንዋይና ያው ነገሪ ነበሩ። ንዋይ አጭር፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ ሰው ነው። የዚያን ቀን ጫማው አቧራ ለብሶ ነበር።

«የመጋዘን በር ይበየዳል። ሦስት ወፍራም ብረት በላዩ ላይ አጋድመህ ከመቃኑ ጋር ታጣብቀዋለህ» አለው።

«ውስጡ ዕቃ አለበት፣ ጓድ?»

«ባዶ ነው።»

«ባዶ ከሆነ ቁልፍ አይበቃውም?»

ንዋይ ወደ ነገሪ ዞር ብሎ አየና «ቁልፍ አልበረክት አለው። ሦስት ቀየርን። ማታ ቆልፈነው እናድራለን፣ ጧት ተበርግዶ እናገኘዋለን። ሌባ ነው» አለ። ከባዶ ቤት ምን ሊሰርቅ ነው ብሎ የሚጠይቀው ሞኝ አልነበረም። በዚያ ቀበሌ ግቢ ውስጥ ወንድሙ አለ።

ነጋሳ ሁለት ማሽን ነበረው። ትልቁ ሦስት መስመር መብራት የሚፈልግ፣ አራት ሰው የሚያነሣው ነው። ትንሹ በቤት መብራት የሚሠራ ነው። ንዋይ በጣቱ ትልቁን አመለከተ።

«ጓድ፣ እሱን ብሰካው ቆጣሪያችሁ ይቃጠላል። ጨለማ ውስጥ ነው የምታመሹት» አለ ነጋሳ፤ እውነቱን ነው።

ንዋይ ጨለማ የሚለውን ሲሰማ ወዲያው «ትንሹ ይሁን» አለ። ቀበሌውን አንቀጥቅጦ የሚገዛ ሰው ጨለማ መፍራቱ ነጋሳን ግራ አጋባው።

ሁለት ተኩል ኤሌክትሮድ በሣጥኑ ውስጥ ነበረው፤ አራት ግን አልቆበታል። በዚያ ሰሞን ኤሌክትሮድ ከገበያ ጠፍቶ ስለነበር ጎረቤቱ መሐመድሰዒድ ዘንድ ገባ። መሐመድሰዒድ ከደሴ የመጣ የብረታ ብረት ነጋዴ ነው፤ ለሚያምነው ሰው ከባንኮኒው ሥር ያወጣል።

«ለማን ሥራ ነው?» አለው ፓኮውን በጋዜጣ እየጠቀለለ።

«ለቀበሌ ነው፣ ጋሼ።»

መሐመድሰዒድ እጁ ቆመ። «አደራህን ስለ ሁንዴ አንድ ቃል እንዳትጠይቅ። አሁን ለእናትህ የቀረሃቸው አንተ ነህ» አለው። ብሩንም ሳይቀበል በእጁ ገፋው።

መጋዘኑ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ ነው። ዱሮ የአንድ ግሪክ ነጋዴ የቦሎቄ ማከማቻ ነበር፤ በትርፍ ቤት ዐዋጅ ተወረሰ። የናዝሬትን የጥር ነፋስ ታውቁታላችሁ፤ አቧራውን አንሥቶ ዓይን ያጠፋል። የዚያን ቀንም ከአጥሩ ውጭ ያጓራ ነበር። ከአጥሩ ውስጥ ግን ቅጠል አይነቃነቅም። ፀሐይዋ አናት ላይ ቆማለች፤ ነጋሳ ላቡ ሊመጣ ሲገባ ብርድ ብርድ አለው። የጋሪው ፈረስ ከበሩ አልገባም ብሎ ስለተገተረ ማሽኑን ተሸክመው አስገቡት።

በሩ በአንጎላሬ፣ በማዕዘን ብረት ክፈፍ፣ የተያዘ ቀጭን ላሜራ ነው። የሚጋደሙት ሦስት ብረቶች ደግሞ ከወደቀ የጭነት መኪና ሻንሲ የተቆረጡ፣ አውራ ጣት የሚያህሉ ናቸው። መሬት ላይ ተጋድመዋል። ነጋሳ እንደ ልማዱ ወደ በሩ ቀረበና ጣቱን አጥፎ ላሜራውን ሁለቴ አንኳኳ።

ከውስጥ ሁለቴ ተንኳኳ።

በቀስታ ነው። በጉልበት የሚመታ ሰው አመታት አይደለም፤ ጨዋታ የሚመስል፣ ጥያቄን በጥያቄ የሚመልስ ዓይነት። ነጋሳ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ።

«አይጥ ነው» አለ ንዋይ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ድምፁ ቀጥኖ ነበር። ነገሪ ጠብመንጃውን አቅፎ ዓይኑን ጨፈነ።

ነጋሳ የሚያደርገው ቢጠፋው ጎንበስ አለና መሬት ላይ ከተጋደሙት ብረቶች አንዱን አንኳኳ። ብረቱም መለሰለት፤ ሁለቴ፣ ከሆዱ ውስጥ፣ እንደዚያው በቀስታ። ብረቱ በባዶ መሬት ላይ ነው የተኛው። አገላብጦ አየው፤ ከሥሩ አፈር ብቻ ነው። ጆሮዬ ነው፣ ፀሐዩ ነው፣ እንቅልፍ ማጣት ነው ብሎ ራሱን ደለለ። ሰው የሚወደውን ሲፈልግ የማይመቸውን ነገር እንዳላየ ያልፋል፤ ነጋሳም አለፈው። በሩ ውስጥ ሰው አለ፤ ያም ሰው ሁንዴ ነው። ከዚያ በላይ ሊያስብ አልፈለገም።

ንዋይ ከጽሕፈት ቤት ተጠርቶ ሲሄድ ነጋሳ የማሽኑን ገመድ የሚዘረጋ መስሎ ወደ ነገሪ ተጠጋ።

«የእናቴን ስንቅ ትናንት የተቀበልከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ለማን?»

ነገሪ መሬት መሬቱን አየ። «ለልጃቸው» አለ።

ለነጋሳ ይሄ በቃው። ልጁ አለ፤ እዚህ ውስጥ ነው፤ በሕይወት ሳለ ሊያሽጉበት ነው። በእኔው እጅ ሊያሽጉበት ነው። ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ።

እንግዲህ አስቡት። እጁ መጀመሪያ የሄደው ወደ አራቱ ነው፤ ሃያ ዓመት የለመደ እጅ ነውና። አራቱን ይዞ ማሽኑን እስከ ጥግ ቢያዞረው ያ ብረት ይነክሳል፤ አንበሳም አይከፍተው። ሁለት ተኩሉን ይዞ ዝቅ ቢያደርገው ግን ከላይ ያጌጠ፣ ከውስጥ ያልያዘ ነገር ይሠራል፤ አንድ ጎልማሳ በትከሻው ቢገፋው ይለቃል። ያ የታወቀበት እንደሆነ ደግሞ ቅጣቱ አንድ ጥይት ነው፤ እናቱም ሁለት ልጅ አጥተው ይቀራሉ። ነጋሳ አራቱን መልሶ አስቀመጠና ሁለት ተኩሉን አነሣ። ማሽኑን ዝቅ አደረገ።

ቀና ሲል ነገሪ እያየው ነው። ነገሪ ጠብመንጃ ከመያዙ በፊት ሞጆ ጋራዥ የበያጅ ረዳት ነበር፤ ይህን ነጋሳ ያውቃል። የኤሌክትሮዱን ቅጥነት አየ፣ የብረቱን ውፍረት አየ፣ ነጋሳን አየ። ከዚያ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

ነጋሳ ጭንብሉን አጠለቀና ሠራ። ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ ያማረ ብየዳ አልሠራም። ቅርፊቱን በመዶሻ ሲያራግፈው ከሥሩ እኩል እኩል የተደረደረ ጥልፍ ወጣ። ንዋይ ተመልሶ መጥቶ በመዳፉ መታ መታ አደረገውና «እንዲህ ነው ሥራ» አለ። ነጋሳ ዕቃውን ሲሰበስብ የመጨረሻውን መስመር የሚመረምር መስሎ አፉን ከበሩ ስንጥቅ አስጠጋና በኦሮምኛ፣ በሹክሹክታ «ሁንዴ፣ ሲመሽ ግፋው፤ ይለቅልሃል» አለ። መልስ አልመጣም።

ያን ሌሊት ዓይኑን ሳይከድን ነጋ። ገና ወፍ ሲንጫጫ ነገሪ በሩጫ መጣና በአጥሩ ላይ «ጋሼ፣ ተከፍቷል፤ ጓድ ንዋይ ይፈልግዎታል» አለው። እማማ ቡዜ ማድቤት ነበሩ፤ ስንቁን ገና አልቋጠሩም። ነጋሳ ሳይሰናበታቸው ወጣ። ትንሹ ማሽን እዚያው ቀበሌ ነበር ያደረው። በመንገድ ላይ ፍርሃቱና ደስታው ተደባልቆበት እግሩ መሬት አልነካ አለው። ወጥቷል። ወንድሜ ወጥቷል። አሁን ይግደሉኝ።

ሦስቱ ብረቶች ግቢው መሃል ተጥለዋል። ብየዳው አልተሰበረም፤ ተልጦ፣ ጥልፉ ሳይበላሽ ሙሉ መስመሩ ብረቱ ላይ ቀርቷል። ንዋይ ሽጉጡን መዝዞ ከበሩ ሃያ እርምጃ ርቆ ቆሟል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጓድ፣ መስመራችሁ ደካማ ነው። ማሽኑ ጉልበት አጣ» አለ ነጋሳ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ ነገሪ ይናገርብኛል ብሎ ጠበቀ። ነገሪ ግን «ትናንት መብራቱ ሲርገበገብ ነበር፣ ጓድ» አለ።

ንዋይ ለመስመሩ ግድ አልነበረውም። «ግባና እይ። አንተ ግባ» አለው በሽጉጡ ወደ በሩ እያመለከተ። ያኔ ነጋሳ ገባው። ንጋት ላይ በሩ ተከፍቶ ካገኙት ጀምሮ አንድም ሰው ወደ ውስጥ አልገባም፤ ጠብመንጃ የያዘውም ያልያዘውም ፈርቶ ቆሟል።

ገባ። ነገሪም ከኋላው እስከ ደፉ ድረስ ተከተለው።

ወለሉን ከዳር እስከ ዳር አቧራ አልብሶታል፤ ጣት የሚያሰጥም፣ ዱቄት የመሰለ የናዝሬት አቧራ። አንድም የእግር ዱካ የለበትም። የሰውም፣ የአይጥም። ከደፉ በስተቀኝ፣ ክንድ በሚደርስበት ሥፍራ ብቻ፣ ከግድግዳው ሥር የጨርቅ ቋጠሮዎች ተደርድረዋል። ብዙ ናቸው። ነጋሳ ጎንበስ ብሎ አንዱን አነሣ። ጥለቱ የእናቱ የአሮጌ ነጠላ ጥለት ነው። ፈታው። ዳቦው ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ ጉንዳን እንኳ አልነካውም። ሌላውን ፈታ። ሌላውን። የእናቱ ብቻ አልነበረም፤ የአምስት እናቶች ቋጠሮ ነው።

«ለእናቶቹ መንገሩን እኔ ላይ ጣሉት» አለ ነገሪ ከጀርባው፣ ንዋይ እንዳይሰማው ድምፁን አፍኖ። «አምስቱንም ከዚህ ነው አውጥተው የረሸኗቸው። በነጋታው እናቶቹ ስንቅ ይዘው መጡ። የእርስዎ እናት 'እንደምን አደርክ ልጄ' አሉኝ። አፌ እንቢ አለኝ፣ ጋሼ። ተቀበልኩ። ልበላው ነውር ነው፣ ልጥለውም ፈራሁ። እዚህ አስቀመጥኩት። በማግስቱም መጡ፤ በማግስቱም ተቀበልኩ።»

«ስንት ቀን ሆነ?»

«ዛሬ አሥራ ስድስት።»

«የሚንኳኳውስ?»

ነገሪ ቋጠሮዎቹን በዓይኑ አመለከተ። «ስንቁን ማስቀመጥ ከጀመርኩ ወዲህ ነው። ስንቅ የሚመጣለት ሰው እንዴት ብሎ ይሄዳል?»

ነጋሳ የደረቀውን ዳቦ ይዞ ቆመ። ሊጮህ ፈለገ፣ ልጁን አንቆ ሊገድለው ፈለገ፤ ደግሞም አዘነለት። ሁሉም ባንዴ መጣበትና አንዱንም ማድረግ አልቻለም። ዳቦውን በጨርቁ መልሶ ቋጥሮ ከቦታው አኖረው። «ከዛሬ ወዲያ እንዳትቀበል። የአራቱን እናቶች አንተ ንገራቸው። የእኔን እኔ እነግራለሁ» አለው። ነገሪ ራሱን ነቀነቀ።

«ማን አለ?» አለ ንዋይ ከሩቅ።

«ማንም የለም» አለ ነጋሳ።

በሩን እንደገና በየደው። ከመጀመሩ በፊት ሳያስበው ጣቱ ታጥፎ ላሜራውን አንኳኳ። የመለሰ የለም፤ ብረት ብቻ ነበር። አራት ቁጥሩን አነሣ፣ ማሽኑን እስከ ጥግ አዞረ፣ መስመር በመስመር ላይ እየደረበ አነከሰው። እንባው ከጭንብሉ ሥር እየወረደ አገጩ ላይ ይደርቅ ነበር። ለበያጅ ማልቀሻ ጭንብል ተሰጥቶታል፤ ሌላው ሰው በዚያ ዘመን እሱም አልነበረውም።

ወደ ቤቱ በጋሪ ሲመለስ መንገዱን ሁሉ ለእናቱ የሚላቸውን ያጠና ጀመር። እማዬ፣ ትንሽ ቁጭ በይ። አይሆንም። እማዬ፣ ሁንዴ እኮ። እሱም አይሆንም። ጋሪው ከደጃፉ ሲቆም አንድም የሚሆን ቃል አልነበረውም።

እማማ ቡዜ ከጋራዡ ጀርባ ካለችው ክፍል ደፍ ላይ፣ መሬት ተቀምጠዋል። የጧቱ ዳቦ ሳይቋጠር እግራቸው ሥር ነው። ነጋሳ ገና አፉን ሳይከፍት እሳቸው ጀመሩ።

«አንተ እንደወጣህ ሁንዴ መጥቶ ነበር።»

ነጋሳ ግድግዳውን ያዘ።

«በሩን አንኳኳ፤ ከፈትኩለት። ግባ ልጄ ብለው አልገባም። አቧራ በአቧራ ሆኗል። ፊቱ ግን ደህና ነው፤ አልተጎዳም። ዳቦውን ልሰጠው እጄን ብዘረጋ ወደ ኋላ አለ።» እማማ ቡዜ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። «'እማዬ፣ ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ' አለኝ። በራሱ አፍ። ከዚያ ወደ መልካሳ በሚወስደው መንገድ ሄደ፤ ዞሮም አላየኝ።»

«እማዬ…»

«አውቃለሁ። በቀበሌው በር ይህን የተባለች እናት ምን እንደሆነች አይቻለሁ። እኔን ሌላ ሰው እንዳይነግረኝ ብሎ ነው ራሱ የመጣው። እሱ ሁልጊዜም እንዲህ ነው።» ቀና ብለው ልጃቸውን አዩት። «ነጋሳ፣ ልቤ ሊፈነዳ ነው። ማልቀስ አይቻልም አይደል?»

አይቻልም። ሦስተኛው ቤት ያለችው አበባ ለባሏ ድምፅ አውጥታ ስላለቀሰች ብቻ ታስራ ከርማለች፤ ለአብዮቱ ጠላት አይለቀስም ተብሎ። እማማ ቡዜ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ትከሻቸው ይናጣል።

ነጋሳ ወደ ጋራዡ ገባ። የብረት ክምሩን ገልብጦ ከሁሉ ቀጭኑን ላሜራ ጎትቶ አወጣና በርሜል ላይ አጋደመው። ትልቁን መዶሻ አነሣና ከላይ ወረደበት። ጆሮ የሚያደነቁር ጩኸት ሰፈሩን ሞላው። ደገመው፣ ሠለሰው። ከጀርባው፣ ከመዶሻው ድምፅ ሥር፣ የእናቱ ዋይታ ሲጀምር ሰማው። ጨመረ።

መሐመድሰዒድ ጆሮውን ይዞ ከሱቁ ወጣ። «አንተ ሰው፣ ምን አገኘህ? ምን ልትሠራበት ነው?» አለው። ነጋሳ ፊቱ በእንባ ርሶ መቀጥቀጡን ቀጠለ። መሐመድሰዒድ በጀርባ በኩል ባለው መጋረጃ አሻግሮ እማማ ቡዜን መሬት ላይ አያቸው። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ምስማር ላይ ሰቀለ፣ ከሣጥኑ ሁለተኛውን መዶሻ አነሣ፣ በላሜራው በሌላኛው ጫፍ ቆሞ መምታት ጀመረ። አንዱ ሲደክመው ሌላው እየመታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ቀጠቀጡ፤ ላሜራውም ለምንም የማይሆን ሆነ።